በታክሲ ወጥቶ በእግር መውረድ፦ የመሀል አዲስ አበባን ሐውልቶችና ቅርሶች በሁለት ቀን ለማየት

«እንግዳ መጥቶብኛል፤ ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚቆየው፤ የት የት ልውሰደው?»

ጥያቄው ማለቂያ የለውም። ከክፍለ ሀገር አክስቱን የሚቀበል ይጠይቃል፣ ከውጭ ወንድሙን የሚጠብቅ ይጠይቃል፣ እዚሁ ተወልዶ አድጎ የየካቲት 12ን ሐውልት ከታክሲ መስኮት በቀር አይቶት የማያውቅም ይጠይቃል። የቦታዎቹን ስም ማንም አያጣውም። ሰው የሚቸገረው በቅደም ተከተሉ ነው። ጠዋት ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወጣ ሰው ሙሉ ቀን ዳገት ሲገፋ ይውላል፤ ሙዚየም የሚደርሰው ምሳ ሰዓት ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚደርሰው ቅዳሴ ላይ ይሆንና ግማሹን ቀን በር ላይ ቆሞ ያሳልፈዋል።

የዚህ መመሪያ ዋና ሕግ እንግዲህ ይህ ነው፦ በታክሲ ውጡ፣ በእግር ውረዱ። ከተማዋ ከሰሜን ወደ ደቡብ ታዘቀዝቃለች። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥም ከቆላ ወይም ከውጭ የመጣ እንግዳ ዳገት ላይ ቶሎ ያለከልካል። የመጀመሪያው ቀን ከስድስት ኪሎ እስከ በዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ይወርዳል፤ ሁለተኛው ከፒያሳ እስከ መስቀል አደባባይ።

የሚያዝ ነገር

- መታወቂያ፦ የቀበሌ፣ ፋይዳ ወይም ፓስፖርት፣ ዋናው። በስልክ የተነሣ ፎቶ አንዳንድ በር ላይ አይሠራም። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ።
- በቀላሉ የሚወልቅ ጫማና ንጹሕ ካልሲ። በሁለቱ ቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ጫማ ታወልቃላችሁ፤ ማሰሪያው ረጅም የሆነ ቡትስ ያደረገ ሰው ሌላውን ሁሉ ያስጠብቃል። ካልሲ የሚያስፈልገው የቤተ ክርስቲያን ወለል ስለሚቀዘቅዝ ነው፤ በተለይ ምድር ቤት ሲወረድ።
- ነጠላ፣ ለሴቶች ከጉልበት በታች የሚወርድ ቀሚስ፣ ለወንዶች ረጅም ሱሪ።
- ዝርዝር ብር፤ ቴሌብርም ይኑራችሁ። ቲኬት ቆራጩ መልስ የለኝም ሲላችሁ ሰልፉ ከኋላ ያጉረመርማል።
- ግማሽ ሊትር ውሃ በሰው፣ ጃንጥላ፣ ተጨማሪ ባትሪ።
- ትንሽ ቦርሳ። ሴንጢ፣ ምላጭ፣ መቀስ ቤት ይቅር። ፍተሻ የሌለበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ትልቅ ቦርሳ በያዛችሁ ቁጥር በየበሩ ጥቂት ደቂቃ ትከፍላላችሁ።

ከመውጣታችሁ በፊት

1. ቀኑን ምረጡ። የሚሻለው ጥንድ ማክሰኞና ረቡዕ ወይም ሐሙስና ዓርብ ነው። ምክንያቱ ቅዳሴ ነው። በፍስክ ቀን ቅዳሴ ጠዋት በጊዜ ያልቃል፤ በጾም ቀን፣ ማለትም በረቡዕና በዓርብ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ይገባል። በመጀመሪያው ቀን ሥላሴና በዓታ የሚደርሳችሁ ከሰዓት ነው፤ ስለዚህ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ይሁን። በሁለተኛው ቀን ጊዮርጊስ የሚደርሳችሁ በጠዋት ስለሆነ ረቡዕም ዓርብም አያስቸግርም። በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ ግን በየቀኑ ጾም ነውና የመጀመሪያውን ቀን ገልብጡት፤ አብያተ ክርስቲያናቱን ጠዋት፣ ሙዚየሞቹን ከሰዓት አድርጉ። እሑድ ጠዋት ለጉብኝት አይሆንም። ሰኞ የሚዘጉ ቦታዎች አሉ።

ወርኃዊ በዓልም ቁጠሩ፦ በወር በ3 በዓታ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ23 ጊዮርጊስ። ለማስቀደስ ከሆነ ከዚያ የተሻለ ቀን የለም። ለመጎብኘት ከሆነ ቀን ለውጡ፤ መቃብሩንና ሙዚየሙን የሚከፍቱላችሁ አገልጋዮች መቅደስ ናቸው።

የካቲት 12 ስድስት ኪሎ፣ የካቲት 23 ምኒልክ አደባባይ፣ ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ፣ መስከረም 16 መስቀል አደባባይ መንገድ ይዘጋል። ሥነ ሥርዓቱን ማየት ከፈለጋችሁ ማልዳችሁ ሂዱና ለዚያ ቀን ሌላ ዕቅድ አትያዙ። በየካቲት መጀመሪያ አካባቢ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲኖርም እንዲሁ መንገዶች ድንገት ይዘጋሉ።

2. ከአንድ ቀን በፊት ደውሉና ሰዓት አረጋግጡ። እድሳት፣ ስብሰባና የመንግሥት እንግዳ ሳይታሰብ በር ያዘጋል። ስትጠይቁ «በኛ ሰዓት ነው በፈረንጅ?» ማለትን አትርሱ። የሙዚየም ሰሌዳ ላይ ያለው 8:30 ብዙውን ጊዜ ጠዋት 2:30 ማለት ነው፤ ከሰዓት 8:30 ነው ብሎ ምሳውን በልቶ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። የመንግሥት የሆኑት ከ6:30 እስከ 7:30፣ ዓርብ ደግሞ ከ5:30 እስከ 7:30 የምሳ ሰዓት አላቸው። የማይዘጋው ራሱ ቲኬት ቆራጩ ምሳ ሊወጣ ይችላል። ሁሉም ቦታ ከመዘጋቱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ግቡ።

የአፍሪካ አዳራሽን ማየት ከፈለጋችሁ አሁኑኑ ጎብኚ ሆናችሁ ተመዝገቡ። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ውስጥ ስለሆነ በዕለቱ ሄዶ መግባት አይቻልም።

3. ካሜራን በሚመለከት ከእንግዳችሁ ጋር ተስማሙ። ቤተ መንግሥት፣ ፓርላማ፣ ወታደር፣ ፖሊስና የፍተሻ በር አይነሣም። ከውጭ የመጣ ዘመድ ይህን አያውቅም፤ ስልኩን አውጥቶ ሲዞር ጥበቃው ይጠራዋል፤ ቢቀል ፎቶውን ያስጠፉታል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁልጊዜ አስፈቅዱ። ሙዚየም ውስጥ ፍላሽ አጥፉ፤ ብርሃኑ ጨርቅና ሥዕል ያደበዝዛል። ትልቅ ካሜራና የካሜራ መቆሚያ ለብቻው ፈቃድ ወይም ክፍያ ያስጠይቃል። በስልክ የምትብቃቁ ከሆነ ብዙ ጣጣ ይቀራል።

የመጀመሪያ ቀን፦ ስድስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ፣ በዓታ

4. ጠዋት 2 ሰዓት፣ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት (ግማሽ ሰዓት)። ከፒያሳ ወይም ከአራት ኪሎ «ስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ!» የሚለውን ሚኒባስ ያዙ። አደባባዩ ሳይደርስ «ወራጅ አለ!» በሉ፤ ዝም ካላችሁ ሽሮ ሜዳ ነው የምትገኙት።

በጠዋት የሚመጣው በሁለት ምክንያት ነው። መንገዱ ገና አልተጨናነቀም፤ ፀሐይም በአግድም ስለምትመታ የነሐሱ ቅርጽ ጎልቶ ይታያል። እኩለ ቀን ላይ ቅርጹ ጠፍጣፋ ይሆናል።

ሐውልቱን በሦስት ዙር እዩት። መጀመሪያ ከሩቅ፦ 28 ሜትር የሚረዝም ድንጋይ ነው፣ ከሥር ቆማችሁ አይታያችሁም። ቀጥሎ ዙሩት። መጨረሻ ላይ ቅረቡና የነሐሱን ምስሎች ተራ በተራ ተመልከቱ፤ የሚገደሉት፣ የሚያለቅሱት፣ ሬሳ የሚያነሡት፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ዙር ጨርሶ ራሱን ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል፤ ሐውልቱ የሚናገረው ግን ከታች ነው። ሥራው አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች ነው። የሚዘክረው በየካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ ነው። ቦምቡ የተወረወረው ከዚህ በእግር የአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ስለሆነ ቀጣዩ ማረፊያ እሱ ይሁን።

5. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት (አንድ ሰዓት ተኩል)። በዩኒቨርሲቲው ዋና በር መታወቂያ አሳይታችሁ «ለሙዚየም» በሉ። ቤተ መንግሥቱ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው፤ ሙዚየሙም እላይ ፎቁ ላይ ነው።

ከመግባታችሁ በፊት ሕንፃው ፊት ለፊት የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። እዚያ ቁሙና ደረጃዎቹን ቁጠሩ፤ እንግዳችሁንም አስቆጥሩት። ጣሊያኖች ያቆሙት፣ ፋሺስት ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ እያሉ ነበር። ጫፉ ላይ ጉብ ያለችውን ትንሽ አንበሳ ተመልከቱ፤ ከነፃነት በኋላ የተቀመጠች ናት። ደረጃውን ሳያፈርሱ አንበሳ አስቀመጡበት። ሰው አጠገቡ ሲያልፍ የአትክልት ማስጌጫ ይመስለዋል።

ውስጥ ዕቃው የተደረደረው በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ነው፤ ከልደትና ከልጅነት ጀምሮ እስከ ሞት ይሄዳል። ከመካከል ከጀመራችሁ ትርጉሙ ይጠፋል። የንጉሠ ነገሥቱን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ሳታዩ አትውጡ፤ ተገልሎ ስላለ ብዙ ሰው ያልፈዋል። ድካም ከተሰማችሁ የላይኛውን የሥዕልና የዜማ መሣሪያ ክፍል ቀንሱ፤ መኝታ ክፍሉን ግን አትቀንሱ።

6. ብሔራዊ ሙዚየም (አንድ ሰዓት ከሩብ)። ከስድስት ኪሎ ቁልቁል ወደ አምስት ኪሎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው። ታክሲ አትያዙ።

መጀመሪያ ምድር ቤት ውረዱ። ድንቅነሽ ያለችው እዚያ ነው፤ ተማሪዎች በአውቶቡስ ከመጡ በኋላ መስታወቱ አይቀረብም። ሁለት ዓይነት አቀማመጥ ታያላችሁ፦ አንዷ ተጋድማ የተገኘው አጥንት ብቻ፣ አንዷ የጎደለው ተሟልቶ ቆማ። ከሁለቱም ፊት ቁሙ። የተጋደመችው ምን ያህሉ እንደተገኘ ታሳያለች፤ ከአካሏ 40 በመቶ ገደማ ነው። የቆመችው ቁመቷን ታሳያለች፤ አንድ ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር አካባቢ፣ የአምስት ዓመት ልጅ ያህል። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ከጎኗ ቁመት ያስተያዩ። የሚታየው ቅጂ ነው፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሞላው ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቀምጧል። ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ መጨረሻ ላይ የሚሰማ ሰው የተታለለ ይመስለዋል። ሰላም የተባለችውን የዲኪካ ሕፃንም ፈልጉ፤ ከድንቅነሽ ትቀድማለች፣ ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ ነበረች።

ከዚያ ወደ ላይ፦ የነገሥታቱ አልባሳትና ዙፋን፣ ሥዕሎች፣ የብሔረሰቦች ዕቃ። ጠዋት ስድስት ኪሎ ብዙ ስላያችሁ የመጨረሻውን በፍጥነት ማለፍ ትችላላችሁ።

የድንቅነሽን የተገኘችበትን ቀን ያዙት፦ ኅዳር 15 ቀን 1967። ከሰዓት ሥላሴ ስትደርሱ ይፈለጋል።

7. ምሳና አራት ኪሎ። አራት ኪሎ ዙሪያ ምሳ ቤት ሞልቷል። ከ6:30 እስከ 7:30 የቢሮ ሰው ስለሚሞላ ወይ ቀድማችሁ ወይ ዘግይታችሁ ግቡ። በአደባባዩ መካከል ያለው የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ሚያዝያ 27 ጣሊያን በ1928 አዲስ አበባ የገባበትም፣ ንጉሡ በ1933 የተመለሱበትም ቀን ነው፤ የሰው ጥያቄ አብዛኛው እዚህ ላይ ስለሆነ ልብ በሉት። በዜብራ ብቻ ተሻገሩ። እግራቸው የደከመ ካሉ ፓርላማው ፊት ለፊት ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለማረፍ ይመቻል።

8. ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል (አንድ ሰዓት)። ከአራት ኪሎ 10 ደቂቃ ነው። ፓርላማው አጠገብ ስታልፉ ስልክ ኪስ ውስጥ።

መጀመሪያ ወደ ውስጥ፣ ቀጥሎ ግቢው። ምክንያቱ ውስጡን የሚከፍተው ሰው ሊሄድ ይችላል፣ ግቢው ግን የትም አይሄድም። ጫማ አውልቁ፤ ወደ ምሥራቅ ዞራችሁ ስትቆሙ ወንድ በግራ፣ ሴት በቀኝ ነው። ባልና ሚስት አብረው ሲቆሙ በትሕትና ይነገራቸዋል፤ አስቀድማችሁ ብታውቁት ይሻላል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን የድንጋይ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ንጉሡ እዚህ ያረፉት ጥቅምት 26 ቀን 1993 ነው።

ግቢው ውስጥ በደርግ የተገደሉት 60 ባለሥልጣናት መታሰቢያ አለ፤ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ከነሱ አንዱ ናቸው። የተገደሉት ኅዳር 14 ቀን 1967 ነው። ድንቅነሽ ሐዳር ላይ የተገኘችው በማግስቱ ነው። ሁለቱን ቦታ በአንድ ቀን ያየ ሰው ይህን ሲሰማ ትንሽ ዝም ይላል። የሲልቪያ ፓንክረስትና የመለስ ዜናዊ መቃብርም በዚሁ ግቢ ነው። መቃብር ላይ መቀመጥ፣ ተደግፎ ፎቶ መነሣት ነውር ነው፤ ዘመድ የሚቀብር ሰው ካለም ራቅ በሉ።

9. በዓታ ለማርያም (45 ደቂቃ)። ከሥላሴ ወደ ደቡብ በእግር ይደረሳል። የዳግማዊ ምኒልክ፣ የእቴጌ ጣይቱና የንግሥት ዘውዲቱ መቃብር ያለው ከቤተ ክርስቲያኑ ወለል በታች ነው፤ ካልጠየቃችሁ አይከፈትም። «መቃብሩን ለማየት ነበር፣ አባቴ» ብላችሁ አገልጋዩን ጠይቁ፤ የሚከፈለውን ክፈሉና ቁልፍ እስኪመጣ ታገሡ። ደረጃው ጠባብ፣ ብርሃኑ ደካማ ነው። ጉልበቱ የሚያመው ሽማግሌ ካላችሁ ላይ ይቀመጥ። ከ10 ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ሲመሽ ቁልፉን የያዘው ሰው አይገኝም።

አንድነት ፓርክን በዚህ ቀን ለመጨመር አትሞክሩ። የዙፋን ቤቱ፣ የግብር አዳራሹና የእንስሳት ማቆያው ብቻቸውን ግማሽ ቀን ይፈጃሉ። ሦስተኛ ቀን ካላችሁ ለእሱ ስጡት።

ሁለተኛ ቀን፦ ፒያሳ፣ ቸርችል፣ መስቀል አደባባይ

ከመነሣታችሁ በፊት፦ ከ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ወዲህ የፒያሳ ብዙ ቤት ፈርሷል፣ የታክሲ መያዣው ተዛውሯል። «ከእንትን ሱቅ ወረድ ብሎ» የሚለው የድሮ ምልክት አይሠራም። በሐውልቱና በቤተ ክርስቲያኑ ስም ጠይቁ። ለእግረኛ ግን መንገዱ ሰፍቷል።

10. ጠዋት 2:30፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ (አንድ ሰዓት)። በቀላል ባቡር ከመጣችሁ ምኒልክ አደባባይ የመጨረሻው ጣቢያ ነው። ካቴድራሉ ስምንት ማዕዘን ነው፤ ከውጭ አንድ ዙር ዙሩትና ግቡ። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሆኖ የተሠራ ነው። ዘውዲቱ በ1909፣ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 የነገሡት እዚህ ነው። የአፈወርቅ ተክሌን ሥራዎች ለማየት ቀና በሉ። የግቢው ሙዚየም ለብቻው ቲኬት አለው፤ የንግሥና ልብስና የጦር መሣሪያ አለበት። ምሳ ሰዓት ላይ ስለሚዘጋ ነው ቀኑ ከዚህ የሚጀምረው።

11. ምኒልክ ሐውልትና የዓድዋ ድል መታሰቢያ (ሦስት ሰዓት)። ፈረሱ የፊት እግሮቹን ያነሣው ሐውልት ከካቴድራሉ አጠገብ ነው። የቆመው በ1923ቱ የንግሥ በዓል ዋዜማ ነው። ጣሊያን ነቅሎ ቀብሮት ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ተመለሰ። 15 ደቂቃ ይበቃል።

መታሰቢያውን ግን አትናቁት። በየካቲት 2016 የተመረቀ ሰፊ ሕንፃ ነው፤ አንዳንዱ እስካሁን «ዓድዋ ዜሮ ዜሮ» ይለዋል። ሰው የሚሳሳተው አንድ ሰዓት ብቻ በመመደብ ነው። ከሁለት ሰዓት በታች አይበቃም፣ ውስጡም ብዙ ያስኬዳል። ስትገቡ የትኛው በር መውጫ እንደሆነ ጠይቁ፤ በማታውቁት በር ከወጣችሁ ዙሪያውን መልሳችሁ ትሄዳላችሁ። ከቡድኑ የተለየ ሰው ካለ መገናኛው ምኒልክ ሐውልት ሥር ይሁን ብላችሁ ቀድማችሁ ተስማሙ።

12. አቡነ ጴጥሮስ (15 ደቂቃ)። ሐምሌ 22 ቀን 1928 በፋሺስት የተረሸኑት ጳጳስ ናቸው። ለባቡሩ ግንባታ በ2005 ተነሥቶ ብሔራዊ ሙዚየም ቆይቶ የተመለሰው ሐውልት ይኸው ነው። ባቡሩ አሁን ከሥራቸው ያልፋል።

13. ቸርችልን ቁልቁል፣ እስከ ለገሃር (አንድ ሰዓት ተኩል)። ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ሁሉም ቁልቁለት። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ የትግላችን ሐውልት አለ፤ ቀይ ኮከብ ያለበት፣ 50 ሜትር ገደማ፣ በ1976 ዓ.ም. በሰሜን ኮሪያ እገዛ የተሠራ። የኩባ ወታደሮችን ፎቶ ከሥሩ ፈልጉ።

እዚህ ላይ የአንበሳ ነገር ይመጣል። «አንበሳው ጋ እንገናኝ» ብሎ የተቀጣጠረ ቤተሰብ በአራት ቦታ ተበትኖ ይገኛል። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለው ቀጥ ብሎ የቆመው የድንጋይ አንበሳ የፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ሥራ ነው። ለገሃር ባቡር ጣቢያው ፊት ያለው የነሐሱ ሞዓ አንበሳ ነው፤ ጣሊያን ሮም ወስዶ አቁሞት የነበረ፣ ኋላ የተመለሰ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። አንበሳ ግቢ ስድስት ኪሎ ነው። የትኛው እንደሆነ በስም ተናገሩ። ሁለቱን ሐውልት በዚህ ቅደም ተከተል እዩ፤ የቴአትሩ ፊቱና ጎፈሩ በማዕዘን የተቆረጠ፣ የለገሃሩ በደም ሥሩ ሳይቀር ሕይወት ያለው ይመስላል፤ ተከታትለው ሲታዩ ልዩነቱ ይገባል።

ለገሃር ዙሪያ ግንባታ ስላለ አጥሩ መንገድ ቢያስቀይራችሁ የባቡር ሠራተኞቹን ሳይሆን የትራፊክ አስተናባሪውን ጠይቁ።

14. መስቀል አደባባይና የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም (አንድ ሰዓት ተኩል)። ከለገሃር በእግር 15 ደቂቃ። ሙዚየሙ የመጨረሻ የሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ የሟቾች ፎቶግራፍ፣ ልብስ፣ አፅም፣ የማሠቃያ ዕቃ አለበት። ከእሱ ወጥቶ ወደ ሌላ ጉብኝት መሄድ አይመችም። ትንንሽ ልጆችን አታስገቡ፤ አንድ ትልቅ ሰው ደረጃው ላይ ይዟቸው ይቀመጥ። አስጎብኚዎቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው ያለፉበት ናቸው፤ ሲያስረዱ አታቋርጡ። ከእንግዳችሁ ቤተሰብ በዚያ ዘመን የሞተ ካለ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁት፤ ግድግዳው ላይ ፎቶ ያገኘ ሰው አለ።

የአፍሪካ አዳራሽን ያስመዘገባችሁ ቀጠሯችሁን ከሙዚየሙ በፊት አድርጉት። ሄዳችሁ የምታዩት ዋናው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ነው፣ 150 ካሬ ሜትር፤ ከውጭ ብርሃን ስለሚያገኝ ደመና ሲሆን ይደበዝዛል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው

*ዓመቱን ማምታታት።* ሐውልቱ 1929 ይላል፣ የእንግዳው ስልክ 1937 ይላል፤ ክርክር ይነሣል። ሁለቱም ልክ ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ላይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ደምሩ።

*በክረምት የተለመደውን ቅደም ተከተል መያዝ።* ዝናቡ የሚበዛው ከሰዓት ስለሆነ ቸርችልን ጠዋት ውረዱ፣ የዓድዋን መታሰቢያ ለከሰዓት ተዉ። ያኔ ወደ ፒያሳ መመለሻው በታክሲ ይሁን።

*ያልታወቀ አስጎብኚ።* መንገድ ላይ ተጠግቶ «ላሳያችሁ» የሚል ሰው ዋጋውን መጨረሻ ላይ ነው የሚናገረው። አስጎብኚ ከፈለጋችሁ ከሙዚየሙ ውስጥ ጠይቁ፤ ዋጋ አስቀድሞ ይነገር።

*ኪስ።* ሚኒባስ ሲገባና ሲወረድ ግፊያው ውስጥ ስልክ ይሄዳል። «ልብስህ ቆሽሿል» ብሎ ሊጠርግላችሁ የሚጠጋ ሰው ካለ ኪሳችሁን ይዛችሁ እለፉ። የወረቀትና የላስቲክ ቆሻሻ መንገድ ላይ መጣልም አሁን ያስቀጣል፤ ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።

አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ

ከየቀኑ ሦስት ሦስት ውሰዱ፦ ጠዋት የካቲት 12፣ የገነተ ልዑል ደረጃ ከውጭ ብቻ፣ የብሔራዊ ሙዚየም ምድር ቤት። አራት ኪሎ ምሳ። ከዚያ ታክሲ ወደ ፒያሳ፦ ጊዮርጊስና ምኒልክን ከውጭ፣ የዓድዋ መታሰቢያ፣ በመጨረሻ በባቡር ወይም በታክሲ ወደ መስቀል አደባባይ። ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ስታዲየም ላይ የታክሲ ሰልፉ ይረዝማል፤ ራይድ ብትጠሩም መንገዱ ዝግ ነው። ሰልፉ እስኪቀልል የአደባባዩ ደረጃ ላይ ቁጭ በሉ።